የመርተር ሰዎች «ዌልሳዊ ነን» ያሉት መቼ ነው?

ሰላም፦ ዛሬ ደቡብ ዌልስ ነን፣ መርተር ቲድቪል። ዮናስ፣ ስለ ብረት ብቻ እንዳታወራ።

ዮናስ፦ (ሳቅ) ያለ ብረትማ ከተማዋ የለችም! አራት ትልልቅ የብረት ፋብሪካዎች ነበሯት። እ.ኤ.አ. በ1851 ቆጠራ ከዌልስ ከተሞች በሕዝብ ብዛት አንደኛ ነበረች። 46 ሺህ ገደማ።

ሰላም፦ ባለቤቶቹስ?

ዮናስ፦ ክሮሼዎች ከዮርክሺር፣ ጌስቶች ከሽሮፕሺር፤ የእንግሊዝ ቤተሰቦች ናቸው። ሠራተኛው ግን በብዛት የዌልስ ገጠር ሰው ነው። አየርላንዶችም ነበሩ።

ሰላም፦ እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ፋብሪካ ቋንቋ ያጠፋል ሲባል እንሰማለን። እዚህ ግን ገበሬው ባሕር ሳይሻገር ሥራ አገኘ። ዌልስኛውን ይዞ መጣ፣ ጸሎት ቤት ሠራ፣ ልጁን በሰንበት ትምህርት ቤት በዌልስኛ ማንበብ አስተማረ።

ዮናስ፦ ቆይ፣ ይሄ ብቻውን «አንድ ሕዝብ ነን» ማለት ነው እንዴ? በ1831 ሲያምፁ ቁጣቸው ስለ ደመወዝና ስለ ዕዳ ነበር። ያነሱትም ቀይ ባንዲራ ነው።

ሰላም፦ ልክ ነህ። ነገሩ የተለወጠው በ1847 ይመስለኛል። መንግሥት የዌልስን ትምህርት እንዲያጠኑ በ1846 ሦስት እንግሊዛውያን ልኮ ነበር፤ ዘገባቸው በ1847 ወጣ። አንዳቸውም ዌልስኛ አይችሉም። ቋንቋው ለሕዝቡ እንቅፋት ነው፣ ሴቶቹም ምግባር ይጎድላቸዋል ብለው ጻፉ።

ዮናስ፦ ስለ ትምህርት ቤቶቹ የጻፉት እኮ ብዙው እውነት ነው። በጣም ደካማ ነበሩ።

ሰላም፦ ይሁን። ግን እናትህን ሰድቦ ጣሪያህ ያፈሳል የሚልህን ሰው ትሰማዋለህ?

ዮናስ፦ (ሳቅ) አልሰማውም።

ሰላም፦ ጸሎት ቤቶቹ እስከዚያ ድረስ እርስ በርስ ይነታረኩ ነበር። ባፕቲስቱ፣ ኢንዲፔንደንቱ፣ ሜቶዲስቱ፤ ሁሉም ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ዘገባው ሁሉንም በአንድ ላይ ሰደበ። እነሱም አብረው ተቆጡ። ቁጣው በ1868 ምርጫ ላይ ወጣ። የምርጫ ሕጉ ተሻሽሎ የመርተር መራጭ አሥር እጥፍ ያህል ጨምሯል። ሄንሪ ሪቻርድ የሚባል የቀድሞ ፓስተር ተወዳደረ። ዌልስ ማለት ባለመሬቶቹ ሳይሆኑ ቋንቋውን የሚናገረው፣ ጸሎት ቤት የሚሄደው ሕዝብ ነው አለ። አንደኛ ወጣ።

ዮናስ፦ የመርተርን ሁለተኛ የፓርላማ ወንበርስ ማን ያዘው?

ሰላም፦ (ሳቅ) ፎዘርጊል። የብረት ፋብሪካ ባለቤት።

ዮናስ፦ በዚያው ቀን!

ሰላም፦ እያንዳንዱ መራጭ ሁለት ድምፅ ነበረዋ።

ዮናስ፦ የወደቀው ብሩስ፣ እስከዚያ የመርተር የፓርላማ ተወካይ የነበረው፣ ደግሞ በሥራ ፈረቃ ጉዳይ ከከሰል ቆፋሪዎቹ ጋር ተቃቅሮ ነበር። ስለዚህ ድሉን በሙሉ ለዌልሳዊነት አልሰጥም።

ሰላም፦ እኔ አብላጫውን እሰጣለሁ።