ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት

የተከበራችሁ ተመራማሪዎች፣ የቤተ መዛግብት ባለሙያዎችና ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የዛሬው ርእሴ ጠበብ ያለ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የተገናኙ ሁለት ሳይንቲስቶች የወጣትነት ሥራቸውን እያነሡ ሲያወጉ፣ ወጉ ለሳይንስ ታሪክ ማስረጃ ሆኖ እንዲቀር ምን ማድረግ ይገባል? መጨዋወቱ መቼም ደስ ይላል፤ ማስረጃ የሚሆነው ግን ሲዘጋጁበት ብቻ ነው።

ከጥያቄው እንነሣ። አንጋፋ ተመራማሪዎች ስለ ጅማሬያቸው ደጋግመው ተጠይቀዋል፤ መልሳቸውም ከመደጋገሙ ብዛት ለስልሷል። «ወደ ሳይንስ እንዴት ገቡ?» ካላችሁ የምትሰሙት ሃያ ጊዜ የተነገረውን ነው። ይልቅስ «ጠዋት ቤተ ሙከራው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያበሩት መሣሪያ የትኛው ነበር? እስኪሞቅ ምን ያህል ይጠብቁ ነበር? በዚያ መሐል ምን ይሠሩ ነበር?» በሉ። ተጠያቂው ዝም ይላሉ። ያን ዝምታ አትንኩት፤ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ብዙ ጠያቂ ሦስት ሳይቆጥር ሌላ ጥያቄ ጣል ያደርግና ሊወጣ የነበረውን ነገር መልሶ ያስገባዋል።

ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ያነሣል። ጣጣውም የሚመጣው ከዚያው ነው። የቆዩ ባልደረቦች በግማሽ ቃል ይግባባሉ። «ያ ነገር የጮኸ ቀን!» ይላል አንዱ፤ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ወጉ ያልፋል። ቅጂውን ከ30 ዓመት በኋላ የሚሰማ ሰው ግን የጮኸው ፓምፑ ይሁን ሰው በምን ያውቃል? የጠያቂው ዋና ሥራ እዚህ ላይ ስም ማስጠራት ነው። «የቫኩም ፓምፑን ነው? ዘይቱ አልቆ ነው ወይስ ቀበቶው ተበጥሶ?» ይበል። በምልክት ሲያሳዩም በቃል ይተርጉመው፤ «ይህን ያህል» ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ «አንድ ሜትር ገደማ» ብሎ ወደ ማይክሮፎኑ ይናገር።

ከዚህ የባሰችው ግን «ለካን፣ አሰላን፣ ጻፍን» የምትለዋ «እኛ» ናት። ትሕትና ትመስላለች፤ ሠራተኛውን ግን ትውጣለች። «ንባቡን ደብተር ላይ ያሰፈረው ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የቴክኒሻኖችና የስሌት ሠራተኞች ስም ብዙውን ጊዜ በጽሑፍ መዝገብ አይገኝም፤ ብቅ የሚለው በዚህ ጥያቄ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ዕቃ ይኑር። ሰው ያሰበውን የሚያስታውሰው በአንደበቱ ነው፤ የሠራውን ግን በእጁ ነው። የስላይድ ሩል (ተንሸራታች የማስሊያ ማስመሪያ) ስጧቸው፦ ተንሸራታቹን እየገፉ፣ መሣሪያው ሦስት አሃዝ ያህል ብቻ እንደሚሰጥ፣ የነጥቡን ቦታ ግን ሠሪው በጭንቅላቱ መያዝ እንደነበረበት፣ ስሕተቱም አሥር እጥፍ የሚሆነው በዚያ እንደነበር ሳትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። አንድ እሽግ ፓንች ካርድም (የኮምፒውተር ትእዛዝ በቀዳዳ የሚመታበት ካርድ) እንዲሁ። ካርዱ 80 ዐምድ አለው፤ ፎርትራን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ትእዛዝ 72ኛው ላይ ያበቃል፤ ከ73 እስከ 80 ያለው ለተራ ቁጥር ነበር። ቁጥሩን መምታት ያታከተው ሰው በእሽጉ አናት ላይ በማርከር ሰያፍ መስመር ያሰምራል። እሽጉ ወድቆ ሲበተን መስመሩ እስኪገጥም ድረስ ካርዶቹን ማስተካከል ነው። ካርዱን እጃቸው ላይ ስታኖሩ ጣታቸው ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። የቤተ ሙከራውን ወለል በወረቀት እንዲስሉ ማድረግም አይቅር፤ በሩና መስኮቱ ቦታ ሲይዙ፣ ማን የት ይቀመጥ እንደነበርም ይከተላል።

ስለ ትዝታ ታማኝነት አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1941 ኮፐንሃገን ላይ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኒልስ ቦርና ቨርነር ሃይዘንበርግ ተገናኝተው ተነጋገሩ። ሁለቱም የቆዩ ባልደረቦች ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን የንግግሩ ይዘት በሁለቱ ዘንድ አልተገጣጠመም። ቦር ጀምሮ ሳይልካቸው የቀሩት የደብዳቤ ረቂቆች እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ ሲሆኑ ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ስለዚህ ሁለቱ ባልደረቦች ካልተስማሙ እናንተ አታስታርቁ። «አይ፣ ከዚያ በፊት ነው» የሚለው ክርክር ራሱ ይቀረጽ።

የሚዳኘው በጊዜው የተጻፈው ነው፦ የሙከራ ደብተር፣ የፎቶግራፍ ጀርባ፣ የመቅረጫ ወረቀት። ጆስሊን ቤል እ.ኤ.አ. በ1967 የሥነ ፈለክ ተማሪ ሳለች የሬዲዮ ቴሌስኮፑ በየቀኑ 30 ሜትር ገደማ ወረቀት ይተፋ ነበር። ፑልሳርን፣ ማለትም የሬዲዮ ምልክቱ በእኩል ጊዜ ልዩነት የሚደርሰንን ኮከብ፣ ያስገኘው ምልክት በዚያ ሁሉ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይይዛል። እንዲህ ያለውን ነገር ትዝታ ብቻውን አይሸከመውም። ደብተሩን ግን ወጉ ሲጀመር አትግለጡት። መጀመሪያ ከትዝታቸው ይናገሩ፤ በሁለተኛው ቀጠሮ ገጹን አሳዩአቸው። ቀድማችሁ ካሳያችሁ ገጹን ያነቡላችኋል እንጂ አያስታውሱም።

ስለ ቀረጻው በአጭሩ። ለእያንዳንዳቸው ደረት ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን ይኑር፤ የየራሱም ቻናል ይሰጠው፤ አለዚያ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲናገሩ መለየት ያቅታል። ለቀረጻው ጥራት 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት ይበቃል፤ ሁለት ቻናል ለአንድ ሰዓት 1 ጊጋ ባይት ያህል ይወስዳል። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ፣ ማለትም መቅረጫው ከሚችለው ጣሪያ፣ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፤ ሳቅ ሲመጣ ቦታ ያስፈልጋልና። ስልክ ከሽቦው አጠገብ ከተቀመጠ ቅጂው ውስጥ ይነዝራል፤ አርቁት። ማራገቢያውን አጥፉ። መስማት የከበደው ሰው ካለ ፊት ለፊት ይቀመጡ እንጂ ጎን ለጎን አይሁን። ከ90 ደቂቃ በላይ አትሂዱ፤ ሰው ሲደክመው ወደ ተለመደው መልስ ይመለሳል።

የፈቃድ ቅጹን ሁለቱም ይፈርሙ፤ የአንዱ ፊርማ ሌላውን አይወክልም። በሕይወት ስላለ ሰው የተነገረ ክፍል ካለ፣ እስከ ስንት ዓመት እንደሚዘጋ እዚያው ይጻፍ። የንግግሩን የጽሑፍ ግልባጭ ለየብቻ ላኩላቸው። አርሙ ሲባሉ ብዙዎች ንግግራቸውን ወደ መጣጥፍ ይለውጡታል፤ እርማቱ በግርጌ ይግባ፣ ድምፁ ግን አይነካ።

ቀጠሮውን አታዘግዩ። የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪው ቶማስ ኩንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1962 ቦርን ስለ ቀደመ ሥራው በተከታታይ ይጠይቁት ነበር። የመጨረሻው ቃለ ምልልስ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 17 ቀን ተደረገ። ቦር በማግስቱ ዐረፈ።

አሁን ወደ ልምምዱ እንሂድ። መቅረጫዎቹ ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ሦስት ሦስት ሁኑ፣ ሁለቱ ያውጉ፣ አንዱ ይጠይቅ። ወጉ አለቀ ብላችሁ ስትነሡ ግን ቶሎ አታጥፉት፤ በእነሱው ፈቃድ በሩ ድረስ ይሥራ።