በእጃቸው ካለው ግፍ
(በጾመ ነነዌ ዋዜማ ለምእመናን የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እንኳን ለጾመ ነነዌ በሰላም አደረሳችሁ።

ነገ ሰኞ ጾሙ ይገባል፤ እስከ ረቡዕ ሦስት ቀን እንጾማለን። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ጾመ ነነዌ ከጥር 17 በፊት አይገባም፣ ከየካቲት 21 በኋላም አይገባም። ከነነዌ ሰኞ በ14ኛው ቀን ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በ69ኛው ቀን ትንሣኤ ይውላል። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ዮናስ ሲነሣ ሁላችንም ሐሳባችን ዓሣ አንበሪው ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ አንወጣም። መጽሐፉ አራት ምዕራፍ ነው፤ አንበሪው ያለው በአንደኛው መጨረሻና በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። እኔ ዛሬ የምይዘው ሦስተኛው ምዕራፍ ቁጥር 8 ላይ ያለችውን አንዲት ሐረግ ነው፦ «በእጃቸው ካለው ግፍ»።

ነነዌ በጤግሮስ ወንዝ ምሥራቅ፣ ከዛሬዋ የኢራቅ ከተማ ከሞሱል ፊት ለፊት የነበረች የአሦር ከተማ ናት። እግዚአብሔር ወደ እሷ የላከው ነቢዩ ዮናስ ደግሞ ከእስራኤል፣ ከጌትሔፌር ነው። አሦር ለእስራኤል ምን እንደ ነበረች ለመረዳት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ዓመት የእስራኤል መዲና ሰማርያ በአሦራውያን እጅ የወደቀችበትን ጊዜ ማስታወስ ይበቃል። እንግዲህ ነቢዩ ወደ ኢዮጴ ወርዶ፣ የመርከብ ዋጋ ከፍሎ፣ ወደ ተርሴስ የሸሸው ለምንድን ነው? ፈርቶ ነው የሚል ስብከት ብዙ ጊዜ ይሰማል። እሱ ራሱ ግን በአራተኛው ምዕራፍ ምክንያቱን ተናግሯል፦ አንተ ቸር፣ መሐሪ፣ ታጋሽ እንደ ሆንህ ስለማውቅ ነው ይላል። ይምራቸዋል ብሎ ነው የሸሸው። ሰው ከቍጣ ሲሸሽ አይተናል፤ ከምሕረት የሸሸ ግን ዮናስ ነው።

ዮናስ የተረዳው ነገር ለእኛም ቍልፍ ነው። «ነነዌ ትገለበጣለች» የሚለው አዋጅ ፍርድ ነው፤ ነገር ግን ሊያጠፋት የቆረጠ ቀን አይቆርጥላትም ነበር። የዕብራይስጡ መጽሐፍ ቀኑን 40 ይለዋል፣ የሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም 3 ይለዋል። 3ም ይሁን 40፣ ቀኑ ራሱ ጸጋ ነው። ማስጠንቀቂያው የደረሰው ሰው ምሕረት ቀድሞ በሩን አንኳኩቶለታል።

ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ልብሰ መንግሥቱን አወለቀ፣ ማቅ ለበሰ፣ አመድ ላይ ተቀመጠ። ሰውም ከብትም እህል ውኃ እንዳይቀምስ አወጀ። (ከብቶቹ ምን በደሉ የሚል ይኖራል፤ እግዚአብሔር በመጽሐፉ መጨረሻ ከ120 ሺህ በላይ ሰዎችን ሲጠቅስ ብዙ እንስሶችም እንዳሉ አልረሳም።) አዋጁ በጾም ቢያበቃ ኖሮ ለእኛ በጣም ይመቸን ነበር። አላበቃም፦ ሰው ሁሉ ከክፉ መንገዱና በእጁ ካለው ግፍ ይመለስ ይላል። ቁጥር 10 ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ያየው ምን እንደ ሆነ ተጽፏል። የጥንት የአይሁድ ሽማግሌዎች በጾም ቀን ሕዝቡን ሰብስበው የሚያስታውሱት ይህንኑ ነበር፦ ማቃቸውንና ጾማቸውን አየ አይልም፤ ሥራቸውን አየ ይላል።

በእጅ ያለ ግፍ ማለት የሌላ ሰው ሆኖ አሁንም እኛ ዘንድ የተቀመጠ ነገር ነው። ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 አከፋፈሉን ሳይቀር ይነግረናል፦ በደለኛው ይናዘዝ፣ ዋናውን ይመልስ፣ አምስተኛ እጅ ይጨምር። እስቲ እናስላው። አንድ የጤፍ ነጋዴ ሚዛኑ በኪሎ 50 ግራም ይሰርቃል እንበል። 20 ኩንታል ሲሸጥ 100 ኪሎ የሰው እህል እጁ ላይ ቀርቷል። አምስተኛው እጅ 20 ኪሎ ነው፤ የሚመልሰው 120 ኪሎ ይሆናል። በዚያን ጊዜው ዋጋ በብር ልክፈል ካለና ጤፍ ከዚያ ወዲህ ተወድዶ ከሆነ፣ ሚዛኑን ሁለተኛ ጊዜ አጎደለ ማለት ነው። እኔ የምለው በእህሉ ወይም በዛሬው ዋጋ ይመልስ ነው። ገዢዎቹን አላውቃቸውም ቢልስ? ያው ምዕራፍ መልስ አለው፦ የሚቀበል ባለቤትም ዘመድም ከሌለ ለእግዚአብሔር ይሰጣል። በንስሐ አባቱ ምክር ለድኻ ይስጥ፤ ስሙ ተጠርቶ የሚጨበጨብበት ስጦታ ግን አያድርገው፣ የራሱ አይደለምና።

የቤት ሠራተኛም አለች። በወር 3,000 ብር ተስማምታ የስድስት ወር ደመወዟ «ዕቃ ሰብራለች» ተብሎ የተያዘባት። ዋናው 18,000፣ አምስተኛው 3,600፣ በጠቅላላው 21,600 ብር። አገሯ ገብታ ከሆነ ስልኳ ይፈለጋል፤ ዛሬ በቴሌብር ለመላክ ደቂቃ አይፈጅም። ዘዳግም 24 የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ ይከፈል ይላል፤ በእሷ ላይ ስንት ፀሐይ እንደ ገባ ቍጠሩት። በሐሜት የወሰድነው ስም ደግሞ በገንዘብ አይመለስም። ሐሰቱን በነገርነው ሰው ጆሮ፣ በዚያው ጆሮ እውነቱን መናገር ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይኸኛው ነው።

እንግዲህ ከፍለን ነው የምንድነው? አይደለም። ዘኬዎስን ተመልከቱ። ጌታ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል» ያለው ዘኬዎስ አንዲት ሳንቲም ሳይመልስ ነው። ካስገባው በኋላ ነው ግማሽ ሀብቱን ለድኾች፣ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ የተነሣው። ሕጉ አምስተኛ እጅ ጨምር ያለውን እሱ አራት እጥፍ አደረገው፤ ጸጋ የገባበት ቤት ሒሳቡ እንዲህ ይበዛል።

አሁን ወደ ኑዛዜው። ብዙዎቻችን ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄደን ሳንናዘዝ እንመለሳለን። አንዱ «አባ፣ ያላደረግሁት የለም» ይላል፤ ሁሉን ያለ ምንም አላለም፤ ካህኑም ለማያውቀው ቍስል መድኃኒት አይሰጥም። ሌላው የባለቤቱን፣ የአማቱን፣ የጎረቤቱን ኃጢአት ዘርዝሮ ይወጣል። ሦስተኛው ቀላሉን ለንስሐ አባቱ፣ ከባዱን ለማያውቀው ካህን ይከፍላል። ምን እንደ ሠራችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደ ሆነ፣ እስከ ዛሬ እንዳለ ወይም እንደ ተተወ ተናገሩ፤ እጃችሁ ላይ የቀረ የሰው ነገር ካለም እዚያው ግለጹ። የሌላ ሰው ስም አታንሡ። የሚረሳ ከሆነ በወረቀት ያዙት፣ ኋላ ይቃጠላል። ቀኖና ሲሰጣችሁ ሕመም፣ እርግዝና፣ የሌሊት ሥራ ካለባችሁ እዚያው ንገሩ፤ ስግደቱን ጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት ከመተው ቀድሞ ማስቀለል ይሻላል። ቀኖናውን ፈጽማችሁ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ከተባላችሁ በኋላ ደግሞ ሥጋ ወደሙ አለ፤ 18 ሰዓት ጾማችሁ ቅረቡ። ተናዝዞ ሳይቆርቡ መቅረት ድግስ ቤት ደርሶ ከደጅ እንደ መመለስ ነው።

ቁጥሮቹ ላይ ልመለስ። ሦስቱን ቀን ዝርዝሩን ለማውጣት አድርጉት፤ ማን ምን እንዳለው በስሙ ጻፉ። ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ቀናት የሚመለሰው ይመለስ። ኑዛዜውንም ያኔ ጨርሱ፤ ቀኖናውን ለመፈጸም 55 የዐቢይ ጾም ቀናት አሏችሁ። ልማዳችን ግን ዛሬ ነገ እያልን እስከ ሆሳዕና ማቆየት ነው። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ እንደ ወትሮው ኑዛዜና ፍትሐት የለም። የስቅለት ዕለት ማታ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ቸብ የሚያደርጉንን ጥብጣብ እየተቀበልን ስንሰግድ፣ ከኋላ ሕዝቡ ተሰልፎ እየጠበቀ፣ የዓመት ጉዳይ በዝርዝር የሚፈታበት ጊዜ አይገኝም።

የነነዌ ታሪክ በዮናስ አላለቀም። ነቢዩ ናሆም ስለዚያችው ከተማ ሲጽፍ «የደም ከተማ» ይላታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ዓመት ባቢሎናውያንና ሜዶን አፈረሷት። የአባቶች ንስሐ ለልጆች አልተረፈም፤ ግፉ ወደ እጃቸው ተመልሶ ነበር። ንስሐ የገቡትን ግን ጌታ በማቴዎስ 12 ላይ በፍርድ ቀን ተነሥተው በዚያ ትውልድ ላይ እንደሚፈርዱ ተናግሮላቸዋል። እነሱ የሰሙት የአንድ የሸሸ ነቢይ አጭር ቃል ነበር። እኛ ወንጌል በእጃችን አለ፣ ካህን በደጃችን አለ።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ አባቶች እዚሁ ግቢ ውስጥ ይቀመጣሉ። ንስሐ አባት የሌላችሁ ቀርባችሁ ያዙ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።