ስለ ስፔስ መጨቃጨቅ ይብቃን

ሰላም ናችሁ! ዓሣው ተጠብሶ እስኪመጣ ነው የተፈቀደልኝ፣ ስለዚህ ቶሎ ልበል።

አራት ሆነን ከባሕር ዳር ዘጌ ለሚሻገሩ ጀልባዎች የቲኬት መቁረጫ ስንሠራ፣ በአንድ ፑል ሪኬስት (ኮድ ከዋናው ጋር ሳይቀላቀል ቡድኑ እንዲያየው የሚቀርብበት ጥያቄ) ሁለት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቅን። በምን? የኮዱ መስመር ገባ የሚለው በታብ ይሁን በስፔስ፣ ቅንፉ እዚያው መስመር ላይ ይከፈት ወይስ ወርዶ። ዋናው ጨቅጫቃ እኔ ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ንትርክ መሃል የደርሶ መልስ ዋጋ ሁለቴ እንደሚደመር አንዳችንም አላየንም። ያየችው መሳፈሪያው ላይ ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ ናት፣ ያውም ተሳፋሪ ሲጮህባት።

ከዚያ በኋላ ፎርማተር፣ ማለትም የኮዱን አሰላለፍ በራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም፣ አስገባን፤ ለፓይተን ብላክ፣ ለጃቫስክሪፕት ፕሪቲየር። የብላክ የመስመር ልክ 88 ፊደል ነው። እኔ አልወደድኩትም፣ ግን የሚሰማኝ የለም፤ ተገላገልን።

አሰላለፍ ጌጥ ነው የምትሉ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. አፕልን ያሳፈረውን ስህተት አስታውሱ። «ጎቱ ፌይል» (ወደ መውጫው ዝለል) የምትል መስመር ሁለቴ ተጽፋ ተገኘች። ሁለተኛዋ ገባ ብላ ስለተቀመጠች ከላይዋ ያለው የ«ኢፍ» (እንዲህ ከሆነ) ትመስላለች፤ ቅንፍ ስለሌለ ግን ሁልጊዜ ትሠራለች፣ የሰርቨሩም ፊርማ ሳይረጋገጥ ያልፋል። ፎርማተር ቢነካት ወደ ትክክለኛ ቦታዋ ይጎትታት ነበር።

የኛን የአማርኛ ጣጣ ግን እነዚህ ፎርማተሮች አይነኩልንም። አራት ነጥብን አንዳንዱ «።» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ሁለት ነጥብን ደግሞ እየመታ «፡፡»። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር አንዱ አንድ ፊደል ነው፣ ሌላው ሁለት። ጽሑፉን በ«።» የሚከፍለው ኮዳችን የአንዱን ልጅ ማስታወቂያ በሙሉ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ቆጥሮት፣ ኤስኤምኤሱ መሃል ላይ ተቆርጦ ሄደ። አሁን የራሳችን ደንብ አለችን፤ «፡፡» ካየች ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) አታሳልፍም። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ን ገና አልደፈርናቸውም።

የቆየ ኮድ ላይ ስትጀምሩ፣ አሰላለፉን ብቻ የሚቀይር አንድ ኮሚት ለብቻው አድርጉ፣ ቁጥሩንም ጊት ብሌም (እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የቀየረው ማን እንደሆነ የሚያሳየው ትእዛዝ) እንዲዘለው መዝግቡት። አለበለዚያ የሁሉም መስመር ጥፋተኛ እናንተ ትሆናላችሁ። ቼኩን ላፕቶፕ ላይ ብቻ ሳይሆን ሲአይ (የተላከውን ኮድ በራሱ የሚፈትሽ ሰርቨር) ላይም አስቀምጡት፣ ምክንያቱም ማታ ሲመሽበት የላፕቶፑን ቼክ «ኖ ቬሪፋይ» (አትፈትሽ) በሚለው ምርጫ የሚዘል ሰው አይጠፋም። በኛ ቡድን እኔ ነኝ።

በሉ ላፕቶፕ ክፈቱ፣ ቼኩን እዚሁ እናስኪደው። ብዙ ስህተት የወጣበት የዓሣውን ሂሳብ ይከፍላል።