ማሽኑ አያይም፣ ይሰማል፦ የሜታል ዲቴክተር አገጣጠምና አጠቃቀም

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ! ዛሬ ሜታል ዲቴክተር ነው። ያ በእጅ ተይዞ መሬት ለመሬት የሚወዛወዘው፣ ብረት ሲያገኝ የሚጮኸው ማሽን። ከካርቶኑ አውጥተን እንገጥመዋለን፣ እናስተካክለዋለን፣ ከዚያ ይዘነው ሜዳ እንወጣለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይግባችሁ። ይህ ማሽን አያይም። ይሰማል። ልድገመው፦ አያይም፣ ይሰማል።

የገደል ማሚቶን አስቡ። ሸለቆ አፋፍ ላይ ቆማችሁ «ሆ!» ስትሉ ማዶ ያለው ገደል «ሆ!» ይላችኋል። ገደሉ የራሱ ድምፅ የለውም፣ የእናንተኑ ነው የሚመልሰው። ዝም ካላችሁ ዝም ነው። ዲቴክተሩም እንደዚሁ ነው። ከታች ያለው ክቡ ነገር፣ ኮይሉ፣ በማግኔት መስክ ወደ መሬት ይጣራል። ከሥር ያለው ብረት ይመልስለታል። የተቀበረ ወርቅ በራሱ የሚልከው ነገር የለም። ካልተጠራ አይመልስም። ይህቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ደግሞ ገደል ሁሉ አንድ ዓይነት አይመልስም። ልሙጥ ቋጥኝ ጥርት አድርጎ ይመልሳል፣ ደን የለበሰ ተራራ ድምፁን ይውጠዋል። በጥሞና የለመደ ጆሮ ማሚቶውን ሰምቶ ማዶ ምን እንዳለ ይገምታል። ማሽኑም ሚስማርን ከብር ሳንቲም የሚለየው በዚህ ነው፤ መልሱ ከጥሪው ስንት እንደዘገየ ያደምጣል። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቁጥር ይኸው መዘግየት ነው፣ በቁጥር ተጽፎ።

እና በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ከሸለቆው ሥር ወንዝ እየፏፏ ነው እንበል። ማሚቶው አልሰማ አላችሁ። ምን ታደርጋላችሁ? ጆሯችሁን ይበልጥ ብትከፍቱ፣ መዳፋችሁን ከጆሯችሁ ኋላ ብታደርጉ፣ ይበልጥ የምትሰሙት ወንዙን ነው! ማሚቶው ያው የድሮው ነው። በዲቴክተር ዓለም ወንዙ ምንድን ነው? አንደኛ መሬቱ ራሱ፤ በተለይ ቀይ፣ ብረት የበዛበት አፈር ሁልጊዜ ያጉረመርማል። ሁለተኛ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የኤሌክትሪክ አጥር፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ። ጆሮውስ? ጆሮው ሴንሲቲቪቲ የምትሉት ማስተካከያ ነው። ገና ማሽኑን ሲከፍቱ እሱን እስከ ጥግ የሚያዞሩ ሰዎች ወንዝ ሲያዳምጡ ይውላሉ። ከዚህ ቪዲዮ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይህንን ያዙ።

ቴክኒኩን በአንድ ትንፋሽ ልበለው። ኮይሉ ውስጥ የሚመላለስ ከረንት አለ፣ ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል፣ መስኩ ብረቱ ውስጥ ኤዲ ከረንት የሚባለውን ከረንት ያሽከረክራል፣ እሱ ደግሞ የራሱን ትንሽ መስክ ይመልሳል፣ ኮይሉ ውስጥ ያለው ተቀባይ የሽቦ ጥቅል ያነበዋል። አለቀ። ከረንቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ፍሪኩዌንሲ ይባላል፣ አንድ ኪሎኸርዝ በሴኮንድ ሺህ ጊዜ ነው። ከ5 እስከ 20 ኪሎኸርዝ አካባቢ የሚሠሩት ማሽኖች ለአብዛኛው ፍለጋ ይሆናሉ። ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ ትልልቅና ከረንት በደንብ የሚያስተላልፍ ነገር ይወዳል፣ ለምሳሌ ብርና መዳብ። ለጥቃቅን ወርቅ ከፍ ያለ ያስፈልጋል፤ ከ40 ኪሎኸርዝ በላይ የሚሄዱ አሉ። ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለው፣ በአጭር በአጭሩ እየተጣራ በመሃሉ የሚያዳምጠው ዓይነት፣ ብረት የበዛበትን አፈርና ጨዋማ አሸዋን ይችላል፤ ሚስማርን ከወርቅ መለየት ላይ ግን ደካማ ነው።

አሁን እንገጥመው። ዘንጎቹን አያይዙ፣ መቆለፊያ ቁልፏ «ቀጭ» ትበል። ኮይሉ ከታችኛው ዘንግ ጋር በፕላስቲክ ብሎን ነው የሚታሰረው። ብሎኑ ቢጠፋባችሁ በብረት ብሎን እንዳትተኩት! ኮይሉ ቀን ሙሉ የራሱን ብሎን ሲሰማ ይውላል። በሁለቱ በኩል ያሉትን የጎማ ቀለበቶች አትርሱ፤ ኮይሉ ባለበት እንዲቆም የሚይዙት እነሱ ናቸው። ጎማው ሳይገባ ብሎኑን እያጠበቁ ብሎኑ የሚያልፍበትን የኮይሉን ጆሮ የሚሰነጥቁ አሉ።

ገመዱ! ገመዱ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከኮይሉ አጠገብ ኮይሉ ወደላይና ወደታች እንዲያዘነብል ያህል ላላ ይበል፣ ከዚያ በኋላ ግን እስከ ሳጥኑ ድረስ ዘንጉ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት፣ በማሰሪያው እሰሩት። ኮይሉ አጠገብ የሚወዛወዝ ገመድ ብረት የሌለበት ቦታ ላይ ድምፅ ይፈጥራል። «ማሽኔ በባዶ ሜዳ ይጮኻል» ካላችሁ ወደ ጥገና ከመውሰዳችሁ በፊት ገመዱን እዩ።

የዘንጉ ርዝመት፦ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ክንዳችሁን ልቀቁት። ሳታጎነብሱና ትከሻችሁን ሳታነሱ ኮይሉ ከፊታችሁ መሬቱን ሊነካ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ሲቀረው ልኩ ነው። የክርን መደገፊያው ከክርናችሁ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይታቀፋችሁ። አጭር ዘንግ ወገብ ይገድላል፤ ወገቡ ያመመው ሰው ደግሞ ይቸኩላል፣ የቸኮለ ሰው አያገኝም።

ባትሪ። ማሽናችሁ በድንጋይ የሚሠራ ከሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም አዲስ ይሁኑ። የሚሞሉት ባትሪዎች እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት ስለሆኑ አንዳንድ ማሽን ሙሉ ሆነው ሳለ «ሊያልቅ ነው» ይላል፣ አትደንግጡ። የእጅ ሰዓት፣ ቀለበት፣ አምባር አውልቁ። ጫፉ ብረት ያለበት የሥራ ጫማ አታድርጉ። ስልኩን አጥፉት፣ ወይም አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ከማሽኑ አርቁት።

እና እባካችሁ፣ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ወለሉ ውስጥ ፌሮ አለ፣ ግድግዳው ውስጥ ሽቦ አለ፣ አልጋው ውስጥ ሞላ አለ። ይህ ታላላቆችንም ያሳሳተ ነገር ነው። በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመተው ሲተኙ፣ ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቷን በሰውነታቸው ውስጥ ሊፈልግ በዚሁ መርህ የሚሠራ መሣሪያ ይዞ ገባ። መሣሪያው ይሠራ ነበር። ግን ፕሬዚዳንቱ የተኙበት አልጋ የብረት ሞላ ነበረው፣ ሐኪማቸው ደግሞ ጥይቷ በቀኝ ናት ብሎ በቀኝ በኩል ብቻ አስፈተሸ። ጥይቷ አልተገኘችም። ከሞቱ በኋላ ሲታይ በግራ በኩል ነበረች። ዋናው ችግር በአግባቡ አለመደመጡ ነበር።

ሜዳ ወጣን። ማሽኑን ስትከፍቱ ኮይሉ ወገባችሁ ድረስ ከፍ ብሎ ከብረት ይራቅ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፣ አታፋልሱት፦ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ጫጫታን ማስወገጃውን ተጫኑና ማሽኑ ጸጥ ያለ ቻናል ይምረጥ። ቀጥሎ ግራውንድ ባላንስ። መጨረሻ ላይ ሴንሲቲቪቲ።

ግራውንድ ባላንስ ማለት ማሽኑን «ይህች የአፈሩ ማጉረምረም ናት፣ እርሳት» ብሎ ማስተማር ነው። ሁሉንም ብረት በሚሰማበት ሞድ ላይ አድርጉትና ምንም ብረት የሌለበት ቦታ ፈልጉ። ኮይሉን ከመሬት 2 ሴንቲሜትር እስከ 20 ሴንቲሜትር ወደላይ ወደታች፣ ወደላይ ወደታች አድርጉት። ራሱ የሚያስተካክል ከሆነ ቁልፉን ተጭናችሁ ድምፁ እስኪረጋ ጠብቁ። በእጅ ከሆነ ኮይሉ ሲወርድም ሲነሳም ድምፁ እኩል እስኪሆን ቁጥሩን አንቀሳቅሱት። አፈሩ ከተለወጠ፣ ከደረቅ ወደ እርጥብ ካለፋችሁ፣ ድገሙት። ሳያውቁት ብረት ላይ ባላንስ ያደረጉ ሰዎች ማሽኑን ያንኑ የሚፈልጉትን እንዲረሳ ነው የሚያስተምሩት!

ሴንሲቲቪቲውን ከፍ ከፍ አድርጉ፣ መንተባተብ ሲጀምር አንድ ወይም ሁለት ደረጃ መልሱት። እዚያ ነው ቦታው።

እዚህ ላይ ላቋርጥ፣ ምክንያቱም ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ስንት ሜትር ድረስ ወርቅ ያያል?» ወዳጆቼ፣ ስንት ሜትር አይባልም፣ ስንት ሴንቲሜትር ነው። ሳንቲም የሚያህል ነገር በተለመደ ማሽን ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከተሰማ ጥሩ ነው። ድስት የሚያህል ትልቅ ብረት ብቻ ነው ወደ ሜትር የሚጠጋው። ለምን? ጥሪው ሲወርድ ይደክማል፣ መልሱም ሲወጣ እንደገና ይደክማል። ትንሽ ነገር ከኮይሉ ራቅ ካለ በኋላ ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ሲግናል ወደ 64 እጥፍ ያንሳል። ስልሳ አራት! ስለዚህ ማሽኑ በእጥፍ ጉልበት ቢጣራ እንኳ የምታተርፉት 12 በመቶ ያህል ጥልቀት ነው፤ 25 ሴንቲሜትር የነበረው 28 ይሆናል። በቃ።

ታዲያ «ከብዙ መቶ ሜትር ወርቁ ወዳለበት የሚጠቁም፣ አንቴና ያለው ማሽን» የሚሏችሁስ? ማሚቶውን አስታውሱ። ወርቅ ካልጠሩት አይመልስም፣ የእጅ አንቴና ደግሞ አይጣራም። በማጠፊያ ላይ የተሰካ ዘንግ እጃችሁ በማይታይ መጠን ሲያዘነብል ይዞራል፤ የሚያዞረው የራሳችሁ ግምት ነው። ይህ ቀልድ አይደለም፣ ሰው ያለቀበት ነገር ነው። ኤ ዲ ኢ 651 የተባለ፣ እንዲሁ አንቴና የተሰካበት መሣሪያ ቦምብ ያገኛል ተብሎ ለኢራቅ ተሸጦ ኬላዎች ላይ ፈንጂ ለመፈተሽ ይያዝ ነበር። ውስጡ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ሻጩ ጄምስ ማኮርሚክ በ2013 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት 10 ዓመት ተፈርዶበታል።

የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ እንዲህ ፈትኑት፦ አንድ ዓይነት 10 ካርቶን፣ በአንዱ ብቻ ወርቅ። የትኛው እንደሆነ መሣሪያውን የያዘውም፣ አጠገቡ የቆመውም አይወቅ። አሥር፣ ሃያ ጊዜ ይደገም። ከ10 አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ካገኘ ያ ዕድል ነው። ለዚህ ነገር ገንዘብ ሊያወጣ የተዘጋጀ ሰው ካወቃችሁ ይህንን ቪዲዮ ላኩለት፤ ሰብስክራይብ ከማድረጋችሁ በላይ ያ ያስደስተኛል። ሰብስክራይብም አድርጉ ግን!

«ወርቅ ብቻ እንዲጮህ አድርግልኝ» የምትሉም አላችሁ። አይሆንም። የወርቅ ቀለበት፣ የአሉሚኒየም ፎይልና የጣሳ መክፈቻ ቀለበት የሚሰጡት ቁጥር ይደራረባል። ቆሻሻ በዛብኝ ብላችሁ ፎይልን በዲስክሪሚኔሽን፣ ማለትም የመረጣችሁት ቁጥር ላይ ማሽኑ እንዳይጮህ በሚያደርገው ማስተካከያ፣ ካጠፋችሁት ቀለበቱም አብሮ ጠፋ። ሚስማርን አጥፉ፣ ሌላውን ቆፍሩ።

አወዛወዙ። ኮይሉ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ይንሳፈፍ። እንደ ዥዋዥዌ ጫፍና ጫፉ ላይ ከፍ ካለ፣ እዚያ 10 ሴንቲሜትር አየር እየፈተሻችሁ ነው፤ ያ አየር ከጥልቀታችሁ ላይ የሚቀነስ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ እስኪመለስ 4 ሴኮንድ ያህል ይፍጅ። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ግማሽ ይደርብ። ኮይሉን ካቆማችሁ አብዛኛው ማሽን ዝም ይላል፤ ከሥሩ ብረት ቢኖርም። ሄድፎን አድርጉ፣ ጥልቅ ነገር የሚናገረው በሹክሹክታ ነው።

ድምፅ ሰማችሁ እንበል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አትመኑት፤ 90 ዲግሪ ዞራችሁ እንደገና እለፉበት። ከሁለቱም ወገን ጥርት ያለ ተመሳሳይ ቁጥር ከሰጠ ይቆፈራል። ከአንዱ ወገን ጮኾ ከሌላው ከጠፋ ወይም ከተሰባበረ ብዙ ጊዜ ዝገት ነው። የጠርሙስ ቆርኪ ግን ያታልላል፣ ቆርኪ ክፉ ነው። ሁለቱ መስመሮች የተሻገሩበት ነጥብ ቦታው ነው። ፒንፖይንት ቁልፉን፣ ትክክለኛውን ነጥብ የሚያሳየውን፣ የምትጠቀሙ ከሆነ ከነገሩ ወደ ጎን ርቃችሁ ተጫኑት፣ ከዚያ ተጠጉ።

ከመቆፈር በፊት ግን፦ የባለ መሬቱ ፈቃድ፣ የአገሩ የቅርስ ሕግ፣ ከመሬት በታች የሚያልፍ ገመድና ቧንቧ። እና ጦርነት ባለፈበት መሬት ላይ ይህንን ማሽን ይዛችሁ አትግቡ። የጦር ሜዳ መሆኑን ሳታውቁ ፈንጂ ወይም ጥይት የሚመስል ነገር ጫፉ ከታየ አትንኩት፣ አታጽዱት፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ቦታውን ለሚመለከተው ክፍል ተናገሩ።

ሣር ላይ በሦስት ወገን ቆርጣችሁ አራተኛውን እንደ መዝጊያ ማጠፊያ ተዉት፤ አፈሩን ጨርቅ ላይ አድርጉ። ዕቃውን ካወጣችሁ በኋላ ጉድጓዱን አንዴ ፈትሹት፣ ሁለተኛ ነገር ከሥር ሊኖር ይችላል። ከዚያ አፈሩን መልሱ፣ ሣሩን ክደኑት፣ ርገጡት። ጉድጓድ ክፍት ትቶ የሚሄድ ሰው ቀጥሎ ለሚመጣው ሁሉ በር ይዘጋል።

ልምምድ ለሚፈልግ፦ ንጹሕ መሬት ላይ ሳንቲም፣ ቀለበት፣ ሚስማር፣ ፎይል፣ ቆርኪ ለየብቻ፣ በ5፣ በ10 እና በ15 ሴንቲሜትር ቅበሩ፣ በመካከላቸው አንድ ሜትር ይኑር። ቦታውን ወረቀት ላይ ጻፉ። ስክሪኑን ሸፍናችሁ በጆሯችሁ ብቻ ለዩ።

ስትጨርሱ የኮይሉን ክዳን አውልቃችሁ ውስጡ የገባውን አሸዋ አራግፉ፤ ብረት ያለበት አሸዋ እዚያ ከቀረ ነገ ማሽኑ ያለ ምክንያት ይጮኻል። ጨዋማ ውኃ ከነካው ኮይሉንና የታችኛውን ዘንግ በንጹሕ ውኃ እጠቡ። ለሳምንታት የማትጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዮቹን አውጡ፤ ሲያፈሱ መገናኛውን ይበሉታል። በሚቀጥለው ቪዲዮ የኮይል ዓይነቶችን፣ ክቡንና ድርብ ዲውን (ውስጡ ሁለት የዲ ፊደል ቅርፅ ያላቸው ጥቅሎች ያሉትን)፣ ጎን ለጎን እናደርጋቸዋለን።