«ጭረቷን የት አደረስካት?»

ዘይነብ፦ እንደምን ዋላችሁ ወዳጆቻችን። ከደሴ፣ ከፒያሳ ጀርባ ካለችው ክፍላችን ነን። ውጭው ጉም በጉም ነው፤ ጦሳ ጨርሶ አይታይም።

ሰዒድ፦ ለዛሬ ወሬያችን ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ሰብሳቢዎች የሚፈልጓቸውን ውድ የእጅ ሰዓቶች እንዴት ፎቶ እንደምናነሳ ነው የምናወራው።

ዘይነብ፦ ጉሙን ምን አገናኘው?

ሰዒድ፦ ዋናው እሱ ነው እንጂ! ሰዓት እኮ ትንሽ መስታወት ነው። ብረቱ የተወለወለ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ብርጭቆ። ካሜራ ስትደግኚበት ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ የለበስሽውን ልብስ መልሶ ያሳይሻል። እኔ ስጀምር ያነሳሁት ሰዓት ሁሉ ውስጡ የራሴ እጅና ጥቁር ስልኬ ነበሩበት። ብርሃን ስጨምር ይብስበታል። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ መብራት ያለበት ሰዓቱ ሳይሆን ሰዓቱ ፊት ለፊት የሚያየው ነገር ነው። ጉም ሲሆን ሰማዩ ሙሉውን አንድ ነጭ ጨርቅ ይሆናል። መስኮት ዳር ታስቀምጪዋለሽ፣ ብርሃኑ ብረቱ ላይ ለስልሶ ይተኛል።

ዘይነብ፦ እኔ ግን የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ቁልቁለቱን ወርደህ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ፀሐዩ ግን ሌላ አገር ነው። በስድስት ሰዓት ብታነሳ ብረቱ አንድ ቦታ ላይ ይነድዳል፣ ሌላው ይጠቁራል። ስለዚህ ነጠላ ይዤ ነው የምሄደው።

ሰዒድ፦ ነጠላ?

ዘይነብ፦ አዎ፣ ስስ ነጭ ነጠላ። መስኮቱ ላይ እወጥረዋለሁ፣ ብርሃኑን ያጣራልኛል። ጥለቱን ግን ማጠፍ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ረስቼው ቀይ ጥለት የሰዓቱ ጠርዝ ላይ እንደ ቀጭን ክር ታየ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ሰዒድ፦ ነጭ ብቻውን ግን አይበቃም። ይሄ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዙሪያው ሁሉ ነጭ ከሆነ የተወለወለ ብረት ፕላስቲክ ይመስላል። ጠርዙን የሚያወጣው ጥቁር ነው። እኔ ጥቁር ካርቶን በአንድ ጎን አቆማለሁ። ሌላ ጥቁር ካርቶን ደግሞ መሀሉን ለሌንሱ እበሳዋለሁ፤ ካሜራውም እኔም ከኋላው እንደበቃለን፣ ሰዓቱ አያየንም።

ዘይነብ፦ ፖላራይዘርስ፣ ሌንሱ ላይ የሚገጠመው ነጸብራቅ ማጥፊያ ብርጭቆ? ሁሉም ሰው ግዙ ይላል።

ሰዒድ፦ ለብርጭቆ ነጸብራቅ ይረዳል፣ ያውም በሰያፍ ስታነሺ። ቀጥ ብለሽ ከላይ ስታነሺ ብዙም አይጠቅምም። የብረቱን ነጸብራቅማ ከነጭራሹ አይነካውም። ብሩን ትንሽ ነገር አጉልቶ ለሚያነሳ ማክሮ ሌንስ አጠራቅሚው፤ 90 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ ራቅ ብለሽ ታነሺያለሽ። በስልክ አፍንጫው ሥር ገብተሽ ካነሳሽው ሰዓቱ ቅርጹን ያጣል፣ ጥላሽም ይወድቅበታል።

ዘይነብ፦ ወደ ቆጣሪዎቹ እንምጣ። በማስታወቂያ ሁሉ 10:10 ላይ ነው የሚቆሙት።

ሰዒድ፦ 12 ቁጥር ሥር ያለው የፋብሪካው ስም እንዲታይ ነው፤ ሁለቱ ቆጣሪዎች ግራና ቀኝ ያቅፉታል። ቀን የሚያሳየው መስኮት 3 ቁጥር ላይ ከሆነ እሱም አይሸፈንም። የሰከንዱን እኔ 35 አካባቢ አደርገዋለሁ።

ዘይነብ፦ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ በፈረንጅ ለተሞላ ሰዓት ያ ለኛ ረፋድ አራት ሰዓት ከአሥር ነው። በሐበሻ ለሞላው ሰው ግን አሥር ሰዓት ከአሥር፣ ፀሐይ የምታዘቀዝቅበት።

ሰዒድ፦ እሱ ነገር ለፎቶ አንሺም ይጠቅማል። በኛ አቆጣጠር የሞላ ሰዓት ቀኑን የሚቀይረው ማለዳ ወይም ምሽት 12 ላይ ነው፣ እኩለ ሌሊት አይደለም። የድሮ ሰዓት ቀን ሊቀይር ሲቃረብ ጥርሶቹ ተያይዘዋል፤ ያኔ ቀኑን በፍጥነት ማዞሪያው ብትቀይሪ ልትሰብሪው ትችያለሽ። ለፎቶ ብለሽ የሰው ሰዓት ስትነኪ መጀመሪያ ቆጣሪዎቹን ወደ 6 አካባቢ ውሰጂ፣ ከዚያ ቀኑን አስተካክዪ።

ዘይነብ፦ ለፎቶ መሙያውን ስበን ሰከንዱን እናቆማለን፤ ሲሳብ የማይቆምስ ሲያጋጥም?

ሰዒድ፦ ብዙ አለ። ወደ ጨረቃ የሄደው ኦሜጋ ስፒድማስተር፣ በፈረንጆች የ1969ኙ፣ መሙያውን ብትስቢም ትንሿ ሰከንድ ትሄዳለች። ጉልበቱ እስኪያልቅ ትጠብቂና ሲቆም ታነሺዋለሽ።

ዘይነብ፦ ስለ ጃንሆይ ሰዓት ንገረን።

ሰዒድ፦ የስዊሱ ሰዓት ፋብሪካ የፓቴክ ፊሊፕ ሥራ ነው፣ ሞዴሉ 2497። ወርቅ፣ ፊቱ ጥቁር፣ የጨረቃዋንም ሁኔታ ያሳያል። በ1954 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ የተበረከተላቸው ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2017 ጄኔቫ ላይ በክሪስቲ ጨረታ 2.9 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ገደማ ተሸጠ። ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ጥቁሩ ፊት ላይ ዓይኔ ይቀራል። ጥቁር ፊት አቧራ አይምርም፣ የጣሪያውንም መብራት ሁሉ ይሰበስባል። ያንን ያነሳው ሰው ስንት ሰዓት እንደለፋ አውቃለሁ።

ዘይነብ፦ አሁን የአባባን ታሪክ ንገራቸው።

ሰዒድ፦ እሺ። በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ አንድ አባት ኦሜጋቸውን ለልጆቻቸው ፎቶ አንሳልኝ ብለው አመጡልኝ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የሚኖሩት። ሌሊቱን ሙሉ ሠራሁት። አቧራውን አጠፋሁ፣ ፊቱ ላይ የነበረውን ቢጫ አነጣሁ፣ በጎኑ የነበረውን ረጅም ጭረትም በኮምፒውተር ደመሰስኩት። አዲስ ሆነ። ፎቶውን ይዘው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ጭረቷን የት አደረስካት?» አሉኝ። ተሳቢ ሲያያይዙ ብረት የላጣት ናት። እጃቸው ላይ ጠባሳ አለ፣ እሱም ያን ቀን የመጣ ነው። ሰዓቷና እጃቸው አብረው ነው የተጎዱት።

ዘይነብ፦ ምን አልካቸው?

ሰዒድ፦ ይቅርታ አባባ፣ ድጋሚ ላንሳልዎ አልኩ። ጎኑን በሰያፍ ብርሃን አደረግሁት፣ ጭረቷ እንደ መስመር ወጣች። ቢጫውንም ተውኩት። ያ ቢጫ እኮ በጨለማ የሚያበራው ቀለም ሲያረጅ የሚያመጣው ነው፤ ሰብሳቢ የሚፈልገው እሱን ነው። ያልተሞረደ፣ ያልተወለወለ አካል ከታደሰው የበለጠ ዋጋ የሚያወጣውም ለዚህ ነው። እኔ ያንን በሁለት ጠቅታ ሰረዝኩት። የሚሸጥ ቢሆን ኖሮማ ገዢውን ማታለል ነበር።

ዘይነብ፦ ስለዚህ አቧራ ይጠፋል፣ ጭረት አይነካም።

ሰዒድ፦ አቧራ የኔ ነው፣ ከክፍሌ የመጣ። በአየር መንፊያ አስወግደዋለሁ፣ የቀረውን በኮምፒውተር። ጭረት የባለቤቱ ነው።

ዘይነብ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ከኮምቦልቻ ሙቀት ይዘህ ወደ ደሴ ብርድ ስትወጣ የአንዳንዱ አሮጌ ሰዓት ብርጭቆ ከውስጥ ላብ ያወጣል። ያ ውሃ መግባቱን ነው የሚነግርህ። እንዳትከፍተው፤ ሰዓት ሠሪ ጋ ውሰደው። በተለይ በፈረንጆች ከ1960ዎቹ በፊት የተሠራ ከሆነ የሚያበራው ቀለም ጨረር የሚያወጣው ራዲየም ሊሆን ይችላል፣ ብናኙ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም።

ሰዒድ፦ ደግ አስታወስሽ። ያቺ ጠረጴዛው ላይ ያለችውስ? የማን ናት?

ዘይነብ፦ የእናቴ ሴኮ። ብርጭቆዋ በጭረት ብዛት ደብዝዟል። ዛሬ አንሳልኝ ብዬ ነው ያመጣኋት።

ሰዒድ፦ ጉሙ ሳይገፈፍ ወደ መስኮቱ አምጫት። ካርቶኑን እኔ እይዛለሁ።