ቀለህ፣ ኩል እና ውጅግራ

ቤቲ፦ ሰላም ጀማው! ዛሬም ከድሬ ነን፣ ከከዚራ ጥላ ስር። ርዕሳችን ጠመንጃ ነው። በአፈሙዙ ባሩድ ከሚጎርሰው ተነስተን እስከ ክላሽ እንሄዳለን። ሰሚር ሰሞኑን ሲያነብ ነው የከረመው፤ እኔ ዛሬ አዳማጭ ነኝ።

ሰሚር፦ አንቺ? አዳማጭ? አቦ ተይ!

ቤቲ፦ ጀምር በቃ።

ሰሚር፦ እሺ፣ ከኩል ልጀምር።

ቤቲ፦ ከምን?

ሰሚር፦ ከኩል። ከዓይን ኩል። የአያቴ ቤት ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። ኩሏን በአንዲት የናስ ዕቃ ነው የምታስቀምጠው፤ አፏን በጨርቅ ወትፋ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፣ ግን ምን እንደሆነች አስቤው አላውቅም። በቀደም አንስቼ ሳያት ቀለህ ናት! የጥይት ቀለህ!

ቤቲ፦ ዋላሂ በል።

ሰሚር፦ ዋላሂ። ያውም ወፍራም። የዛሬ ጥይት አጠገቧ ቢቆም የልጅ ልጇ ነው የሚመስለው። ማስመሪያ ፈልጌ አፏን ለካሁ፤ 11 ሚሊሜትር ገደማ። አንገቷ ጠበብ፣ ሆዷ ሰፋ ያለ፣ ከታች ዙሪያዋን ከንፈር ያላት። ውጅግራ ናት አልኩ!

ቤቲ፦ አያትህስ ምን አሉ?

ሰሚር፦ «ኩሌን እንዳትደፋው» አለችኝ።

(ሳቅ)

ቤቲ፦ ቆይ፣ ውጅግራን ለማያውቅ ሰው ንገር።

ሰሚር፦ የፈረንሳዩ «ግራ» የሚባለው ጠመንጃ ነው። ባዚል ግራ የሚባል መኮንን ነው የሠራው፤ የፈረንሳይ ጦር በ1874 ተቀበለው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳታደናግሩኝ። አንድ ጥይት ነው የሚጎርሰው። ተኩሰሽ ትከፍቻለሽ፣ ቀለሁ ይወጣል፣ ሌላ ታጎርሺያለሽ።

ቤቲ፦ አንድ ጥያቄ አለኝ።

ሰሚር፦ አዳማጭ ነኝ ብለሽ ነበር።

ቤቲ፦ ሐረርን ግብፆች ከ1875 እስከ 1885 ይዘዋት የለ? የነሱ ጠመንጃ ሬሚንግተን ነው። የሱም ጥይት 11 ምናምን ነው። ታዲያ የአያትህ ቀለህ የግብፅ እንዳልሆነች በምን አወቅህ?

ሰሚር፦ ...አቦ!

ቤቲ፦ መልስ!

ሰሚር፦ ልክ ነሽ፣ የግብፁ 11.43 ነው። በትምህርት ቤት ማስመሪያ ያንን መለየት አይቻልም። በርዝመት ግን ይለያያሉ። የግራው ቀለህ 59 ሚሊሜትር ነው፣ የግብፁ 50። ርዝመቷን ልለካ ስል አያቴ ነጠቀችኝ። ልትኳል ነበር።

ቤቲ፦ ስለዚህ ውጅግራ መሆኗ አልተረጋገጠም።

ሰሚር፦ ሆዴ ውጅግራ ይለኛል።

ቤቲ፦ ሆድህ ማስመሪያ የለውም። ይልቅ ስለ ጠመንጃ አውራ።

ሰሚር፦ እያወራሁ እኮ ነው! ጠመንጃን የሚያስረጀው ዕድሜው ሳይሆን ጥይቱ ነው። ድሮ ባሩዱን በአፈሙዙ ታስገቢያለሽ፣ የእርሳስ ጥይቱን ትጨምሪያለሽ፣ በዘንግ ትጠቀጥቂያለሽ፣ ካፕሱል ታደርጊያለሽ፤ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሽ ቆብ ናት። በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተኮስሽ ጎበዝ ነሽ። ከዚያ እንግሊዞች እነዚያኑ አሮጌ ጠመንጃዎች በኋላቸው ቆርጠው መክፈቻ አበጁላቸው። 1866፣ ስናይደር። የኛ ሰው ሰናድር የሚለው። በደቂቃ አስር ጊዜ ያህል ይተኩሳል።

ቤቲ፦ መቅደላ ላይ የመጡት በሱ ነው አይደል?

ሰሚር፦ በሱ ነው። መቅደላ አጠገብ «አሮጌ» በሚባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 1868። ከቴዎድሮስ ወገን ወደ 700 ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዝ በኩል በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። ጀግንነት ስለጎደለ አይደለም። አንዱ በዘንግ ሲጠቀጥቅ ሌላው ከፍቶ እየዘጋ ነበር።

ቤቲ፦ ይሄ ያማል።

ሰሚር፦ ያማል። አሁን ናሱን ተመልከቺ። ከግራ በፊት ፈረንሳዮች ሻስፖ የሚባል ነበራቸው። ጥይቱ የወረቀት ነው። መርፌው ወረቀቱን በስቶ ገብቶ ነው የሚያቀጣጥለው። ጋዙ ወደ ኋላ እንዳይወጣ ጎማ አደረጉለት፤ ጎማው ይቃጠላል፣ ያልቃል። ያኔ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ነው። ግራ መጣና ወረቀቱን በናስ ተካው። ናስ ግፊት ሲያርፍበት ይሰፋል፣ ዙሪያውን ገጥሞ ይደፍናል። ጋዝ በኋላ አይወጣም። ግፊቱ ሲያልፍ ትንሽ ይሸሻል፣ ቀለሁ ይወጣል። ጎማ አያስፈልግም፣ ምንም አያስፈልግም! ጥይቱ ራሱ ነው በሩን የሚዘጋው!

ቤቲ፦ ጩኸትህን ቀንስ፣ ማይኩ ተንቀጠቀጠ።

ሰሚር፦ የአያቴ የኩል ዕቃ እኮ የዚያ ሁሉ ጣጣ መልስ ናት!

ቤቲ፦ ወይም የግብፅ ናት።

ሰሚር፦ የግብፁም ናስ ነው! ነጥቤ አልፈረሰም።

ቤቲ፦ እሺ። ግን እንዴት ሐረር ደረሰች? ያንን ሰውዬ ልታነሳ ነው መሰለኝ።

ሰሚር፦ ፈረንሳዊውን ገጣሚ ራምቦን ሳላነሳማ አልሄድም።

ቤቲ፦ አውቄ ነበር። ቱሪስት በመጣ ቁጥር ራምቦ፣ ራምቦ። ያ የራምቦ ቤት የሚሉት ራሱ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው።

ሰሚር፦ እሱን ተይው፣ ጠመንጃውን ስሚኝ። ሰውዬው በ1880 ሐረር ገባ፣ ቡና ነገደ፣ ቆዳ ነገደ። በ1885 ለምኒልክ ጠመንጃ ላቅርብ ብሎ ተነሳ። 2,000 ያህል። ምን ዓይነት መሰለሽ? ካፕሱል የሚደረግባቸው፣ በአፈሙዝ የሚጎርሱ! ለቤተሰቡ ሲጽፍ ራሱ አልደበቀም፤ ቤልጅግ አገር ሊዬዥ ላይ ከአሮጌ መሣሪያ ሻጭ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዛል፣ ሸዋ ላይ ወደ 40 ይሸጣል።

ቤቲ፦ ሌባ በለው።

ሰሚር፦ ነጋዴ ነው። ደግሞ አልቀናውም። ሸሪኩ ላባቱ ሞተ፣ ሌላው ሶሌዬም ሞተ። ታጁራ ላይ ወራት ተቀመጠ። በረሃውን አቋርጦ በ1887 መጀመሪያ ሸዋ ሲደርስ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርጎ ሐረርን ይዟል። ዋጋውን ቆረጠለት። የላባቱን ዕዳም አበዳሪዎቹ ከሱ ተቀበሉ።

ቤቲ፦ ጨለንቆ ለሐረር ሰው እንዲሁ በጨዋታ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ እሱን እዚህ ላይ ላቁም። ግን ምኒልክ ለምን ውራጅ ይገዛል? ተታለለ እኮ።

ሰሚር፦ አልተታለለም። ከሁሉም ነው የሚገዛው። ከፈረንሳይ፣ ከጣሊያን፣ ከማንም። በዚያ ላይ ውራጅ ያልሽው አውሮፓ ውስጥ ነው ውራጅ። በ1886 ፈረንሳዮች ለበል የሚባለውን አወጡ። 8 ሚሊሜትር፣ ጭስ የሌለው ባሩድ። ፖል ቪዬይ የሚባል ኬሚስት ነው ባሩዱን የሠራው። በዚያች ዓመት የዓለም ጠመንጃ ሁሉ ባንዴ አረጀ! ግራ ገና አስራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ጭስ ያለው ባሩድ ሲተኮስ «እዚህ ነኝ» እያለ ነው፤ ለበል ግን አይታይም፣ ሩቅ ይመታል። መጋዘን ሙሉ ውጅግራ ሥራ ፈታ። ታዲያ ወዴት ይሂድ? በኦቦክ፣ በጅቡቲ፣ በግመል ወደ እኛ።

ቤቲ፦ እኔ አሁንም ውራጅ ነው እላለሁ። በ40 ፍራንክ ካፕሱል መግዛት!

ሰሚር፦ ካፕሱሉን እሰጥሻለሁ። ውጅግራውን አልሰጥም።

ቤቲ፦ ግማሽ በግማሽ?

ሰሚር፦ ግማሽ በግማሽ። ደግሞ ዓድዋን አስቢ። ጣሊያኖች በ1891 አዲስ ካርካኖ ሠርተዋል፣ 6.5 ሚሊሜትር። ዓድዋ ላይ ግን ወታደራቸው የያዘው አሮጌውን ቬተርሊ ነው። የተከማቸው ጥይት እንዲያልቅ ተብሎ! ጥይቱ ነው የወሰነው አላልኩሽም? ጥይት እኮ ያኔ ገበያ ላይ ገንዘብ ነው። እንደ አሞሌ ጨው ይመነዘር ነበር።

ቤቲ፦ እና አያትህ ገንዘቡን ኩል ሞሉበት።

ሰሚር፦ ባዶ ቀለህም ቢሆን ዋጋ አለው፤ እንደገና ይሞላል። በኩልም ቢሆን።

ቤቲ፦ ሰዓታችን አልቋል እኮ። ብዙ ጥይት የሚይዝ ካዝና ያላቸው የት ሄዱ? ምንሽር የት ሄደ? መትረየስስ?

ሰሚር፦ ሌላ ቀን። አያቴ እንቅልፍ ሲጥላት ርዝመቷን ለክቼ እመጣለሁ።

ቤቲ፦ አድማጮች፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ቀለህ ካለ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሱና ላኩልን። ባዶ ከሆነ ብቻ! ያልተተኮሰ ከሆነ አትንኩት፣ ለፖሊስ ደውሉ። እኛጋ እንዳታመጡብን።