26ኛው የሰሜን ካሮላይና ሬጅመንት በጌቲስበርግ፦ ባንዲራው ለምን ሰው ፈጀ?

[በስክሪን፦ የጌቲስበርግ ካርታ፣ ፔንስልቬንያ]

ይህ ጅረት ዊሎቢ ረን ይባላል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1863 ከሰዓት በኋላ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የኮንፌዴሬቱ፣ ማለትም የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች፣ 26ኛ የሰሜን ካሮላይና እግረኛ ሬጅመንት 800 ያህል ሰው ይዞ ተሻገረው። ጀምበር ሳትጠልቅ ከ550 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል ወይም ቆስለዋል።

እንዲህ የፈጀው ምንድን ነው? መጀመሪያ አሰላለፉን እንይ።

[ሥዕል፦ ሁለት ረድፍ ወታደር፣ መሃል ላይ ባንዲራ]

10 ሻምበል በሁለት ረድፍ፣ ክርን ለክርን ተነካክቶ ይራመዳል። ባንዲራው መሃል ነው። የባሩድ ጭስ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ ተኩሱም የአዛዡን ድምፅ ሲውጠው ወታደሩ የሚመራው በእሱ ብቻ ነው፤ ባንዲራው ከሄደ ይሄዳል፣ ከቆመ ይቆማል። ስለዚህ ሲወድቅ ሌላ ሰው ማንሳቱ ግድ ነው። ባላጋራውም ይህን ስለሚያውቅ ወደዚያው ያነጣጥራል። በዚያ ቀን ከ10 በላይ ሰዎች ይዘውት ተመተዋል።

[ቅርብ ምስል፦ ጠመንጃ ሲጎርስ]

ጠመንጃው የሚጎርሰው ከአፈሙዙ ነው። ወታደሩ ባሩድና የእርሳስ ጥይት የተጠቀለለበትን ወረቀት በጥርሱ ይቀድዳል፣ ባሩዱን ያፈሳል፣ ጥይቱን በብረት ዘንግ ወደ ታች ይጠቀጥቃል፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሿን የመዳብ ቆብ ይገጥማል፣ ይተኩሳል። የሠለጠነ ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ ይተኩሳል። ተኝቶ ማጉረስ አስቸጋሪ ስለሆነ አብዛኛው ቆሞ ነው የሚያጎርሰው። በድንጋጤ ቆቧን የረሳ ሰው ደግሞ ያልተተኮሰው ላይ ሌላ ይደርብበታል። ከጦርነቱ በኋላ ሜዳው ላይ ብዙ ጥይት የተደራረበባቸው ጠመንጃዎች ተለቅመዋል።

ጅረቱ ዳር ያለው እሾህና ቁጥቋጦ መስመሩን ወደ መሃል አጨናነቀው። ማዶ ጫካው ውስጥ የባላጋራው፣ የሰሜን ግዛቶች ጦር፣ 24ኛ ሚቺጋን ሬጅመንት ይጠብቃል።

የ26ኛው አዛዥ ኮሎኔል ሄንሪ በርግዊን ገና 21 ዓመቱ ነበር። ባንዲራውን ራሱ አንስቶ ሲያራምድ ጎኑን ተመታ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ቤተሰቡ ባሪያ የሚያሠራ የእርሻ ባለቤት ነበር፤ ሬጅመንቱም የተዋጋው ባርነትን ለማቆየት ለተገነጠሉት ግዛቶች ነው። ይህን ትቶ ድፍረታቸውን ብቻ ማውራት ለታሪኩ አለመታመን ነው።

ምክትሉ ሌተና ኮሎኔል ጆን ሌንም ባንዲራውን አንስቶ ገሰገሰ፤ አንገቱን ተመትቶ ወደቀ፣ ግን ተረፈ። 24ኛው ሚቺጋን ከ496 ሰው 363ቱን አጥቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ከሁለት ቀን በኋላ የተረፉት እዚያው ጌቲስበርግ ላይ፣ የኮንፌዴሬቱ ጦር በከፈተው የፒኬት ጥቃት በሚባለው ማጥቃት እንደገና ተሰለፉ። ኤፕሪል 9 ቀን 1865 ቨርጂኒያ ውስጥ አፖማቶክስ ላይ ሬጅመንቱ እጁን ሲሰጥ የቀሩት 130 ያህል ሰዎች ነበሩ።